የ1996 አስሩ የግል ካሴቶች

ሰኔ 29 ቀን 1996፣ ሰመራ

ካርቶኑን ዛሬ አሸግሁት። የድሮ ካሴቶቼ በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ዝርዝሬ እስኪወጣ ድረስ አንዱንም አልነካም። አሮጌ ዘፈን የጠገበ ጆሮ አዲሱን እንደ እንጀራ ልጅ ነው የሚቆጥረው።

ይህን ዝርዝር ማውጣት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ትልልቆቹ ሙዚቃ ቤቶች ያወጡትን አልነካም፤ ለእነሱ ሬዲዮ አለላቸው። የእኔ ዝርዝር ቀለበታቸውን ሸጠው፣ ለምነው፣ በራሳቸው ላብ ካሴት ላወጡት ነው። ከዓመቱ ውስጥ አስር እመርጥና በትልቅ ወረቀት ጽፌ አዋሽ፣ ሰኢዳ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። በካርቦን የተባዛው ደግሞ በሹፌሮች እጅ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ዲቺዮቶ፣ ገላፊ ይደርሳል። የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ለእንቁጣጣሽ የሚገዛውን ካሴት የሚመርጠው ከዚያ ላይ ነው። ሱቆቹም ምን እንደሚያስቀምጡ የሚያውቁት ከዚያው ነው።

ደንቤ ሦስት ነው። ሁሉንም በአንድ ቴፕ መስማት፤ ዳኛ ሚዛን አይቀያይርም። እያንዳንዱን ካሴት ሁለቱንም ገጽ ሦስት ሦስት ጊዜ መስማት። በመሃሉ አሮጌ ዘፈን አለመስማት። ዕድሜውን መዝገብ ቤት ፋይል ሲያስተካክል የኖረ ሰው ደንብ ካልወደደ ምን ሊወድ ነው?

ቢሰጥ ስድስት ካሴት አመጣልኝ። የተሳቢ ሹፌር ነው፤ ከመርካቶም ከናዝሬትም ከደሴም የሚሰበስብልኝ እሱ ነው። «ጋሽ ወልዴ፣ የዓለምወርቅም ልታወጣ ነው አሉ» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። እኔ ያላወቅሁ ማን ሊያውቅ?

የዓለምወርቅ አራት ዓመት የቢሯችን ጸሐፊ ነበረች። ታይፕ እየመታች በአፍንጫዋ ስታንጎራጉር ሰምቼ «ካሴት አውጪ» ያልኳት እኔ ነኝ። ሁለት ግጥምም ጽፌ ሰጥቻታለሁ። ጥር ላይ ሥራዋን ለቃ ናዝሬት ሄደች። ስትሰናበተኝ «ከሆነ ሁለተኛ ታይፕ አልነካም። ካልሆነ ደግሞ ጅቡቲ አክስቴ ሰው ቤት አግኝታልኛለች» አለች። ይሆናል አልኳት።

ሐምሌ 3

አርባ አምስት ዲግሪ ነው ይላሉ። እኔ መለኪያ አያስፈልገኝም፤ ቴፑን መስኮት ሥር ካለው ወንበር ሳነሳው እጄን አቃጠለኝ።

የኮምቦልቻውን ሀብተ ሥላሴ ሰማሁ። ምን ዓይነት ክብደት ነው! ቃሉን እያላመጠ፣ እያሰበ፣ ያዘነ ሽማግሌ ድምፅ። የሽፋኑ ሥዕል ላይ ልጅ ይመስላል፤ የወንድሙ ልጅ ይሆናል። ከአንድ እስከ ሦስት ውስጥ ይገባል።

ሐምሌ 9

ኬላው ጋ ነበርኩ፣ ደብዳቤ ላስረክብ። አንድ ነጭ መኪና አለፈ። ሹፌሩን አላየሁትም። መስኮቱ ተከፍቶ ዘፈን ይወጣል፤ የሴት ድምፅ። ቃል አልነበረውም፤ ከዜማው በፊት ያለችው እንጉርጉሮ ብቻ። ወደ ላይ ወጣች፣ እዚያው ቆመች፣ ትንፋሽ ሳትሰርቅ ወረደች። መኪናው ወደ ሰርዶ አቅጣጫ ሄደ። አቧራው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

ይህቺ የማን ናት?

ሐምሌ 10

ጠየቅሁ። ነጭ መኪና በዚህ መንገድ ስንት እንዳለ ያወቅሁት ዛሬ ነው።

ሐምሌ 14

እንቅልፍ የለም። አልጋዬን ደጅ አውጥቼም የለም። ጄኔሬተሩ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲነሳ ሁሉም ማራገቢያውን ይከፍታል፤ አምፖሉ ይደበዝዛል። የናዝሬቷን ኤፍራታን ሰማሁ። ወፍራም ድምፅ፣ የወንድ ያህል። የቸኮለ ሰው አይወዳትም። እኔ ወደድኳት፤ አራተኛ።

ግን ያቺ የነጭ መኪናዋ ጆሮዬ ውስጥ ናት። ማንንም ስሰማ በእሷ ነው የምለካው። ይህ ከደንቤ ውጭ ነው። አውቃለሁ።

ሐምሌ 18፣ እሁድ፣ አዋሽ

ቴፔን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በቢሰጥ መኪና መጣሁ። ደንብ ደንብ ነው፤ በሌላ ቴፕ አልሰማም። ቢሰጥ ሳቀብኝ፤ «ታቦት የያዝክ ነው የምትመስለው» አለ።

ሰኢዳ ሻይ ቤት ጥግ ላይ አስቀምጬ አዳዲሶቹን ከፈትኳቸው። ሰኢዳና እኔ ያደግነው እዚሁ ባቡር ጣቢያው ሠፈር ነው፤ አባቶቻችን አብረው የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። እኔን የምትፈራበት ምክንያት የላትም። ብርጭቆ እያጠበች ትንሽ አዳመጠችና፣

«ወልዴ፣ ዘንድሮ ዘፋኞችህን ሁሉ ጉንፋን ይዟቸዋል እንዴ?» አለች።

«ስሜት ነው እሱ። ዘመኑ አዝኗል።»

«ወላሂ፣ እኔ እንቅልፌ ነው የመጣው።»

ሰኢዳ ስለ ሻይ ትንገረኝ። ስለ ሙዚቃ ግን፣ አላህ ያውቃል እንደምትለው፣ አላህ ይወቅላት።

ሐምሌ 23

አራት ቀን ከሥራ መልስ ኬላው ጋ ቆሜ ነጭ መኪና ስጠብቅ አመሸሁ። የጉምሩክ ሰላይ ነው የመሰልኳቸው፤ አንዱ ሹፌር ሳያስቆሙት ቆሞ ሰነዱን አውጥቶ ሰጠኝ።

ለቢሰጥ ላንጎራጉርለት ሞከርኩ። እንደ እኔ ያለ ድምፅ እግዜር ለጠላት አይስጥ። ግንባሩን ቋጥሮ አዳመጠኝና «የዓለምወርቅ ካሴት ሲደርስህ ስማው እስቲ» አለ።

«የዓለምወርቅን ድምፅ አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ይህቺ ሌላ ናት።»

«አንተ እኮ ታይፕ ስትመታ ነው የሰማሃት፣ ጋሼ።»

ሹፌር ሁሉ ሐያሲ ሆነ።

ሐምሌ 28

የዓለምወርቅ ካሴት ደረሰ። ቢሰጥ ነው ያመጣው። ለሹፌሮቹ አስቀድማ ናሙና ሰጥታ ኖሯል፤ ለእኔ ግን «ሽፋኑ ሳይታተም አይሰጥም» ብላ ነው ያቆየችው። እንዲህ አለኝ።

ሽፋኑ ያምራል። ዘፈኖቹ በአንዱ ገጽ አምስት በሌላው አምስት። ግጥሞቹ የሌሎች ናቸው። ሁለቱም የእኔ አልገቡም። ቅር አላለኝም፤ ግጥም እንደ ጫማ ነው፣ ለእግሩ ካልሆነ አይሆንም።

ከጀርባው ምስጋና አለ። እናቷን፣ ጊታሪስቱን፣ የናዝሬት አከራይዋን በስም። ቢሰጥን በስም! ከዚያ ታች ላይ፣ «ለመዝገብ ቤት ባልደረቦቼ በሙሉ»።

መዝገብ ቤት አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው ዘበኛው ነው።

ቅር አላለኝም።

ሐምሌ 30፣ ዓርብ

ነገ ፍልሰታ ይገባል። በፍልሰታ ዘፈን አልሰማም፤ ይህን ከአባቴ የወረስኩት ነው፣ አልለውጠውም። ስለዚህ የቀረኝ ዛሬ ብቻ ነበር። የሌሎቹን ጨርሻለሁ። የእሷን አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከፈትኩ።

ይጎተታል። ትንፋሽ የላትም። ቃሉ አፏ ውስጥ ይቀልጣል፤ መንቃት ያቃታት ትመስላለች። አዘንኩ። ከልቤ አዘንኩ።

ጎረቤቴ ፍልሰታ ሳይገባ ራት እንብላ ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ።

ነሐሴ 4

ሽሮ። ሐሩር። ሥራ። ማስታወሻዬን እያየሁ አሰላለፉን እሠራለሁ። አሥረኛው ቦታ ላይ የደሴውን አዝማሪ ወይስ የዓለምወርቅን?

አይሆንም። በትውውቅ አይዳኝም። ሰዎች «የራሱን ጸሐፊ አስገባ» እንዲሉ አልፈልግም።

ነሐሴ 8

ቢሮ ውስጥ ከካቢኔው ጀርባ ቆሜ ሳለሁ ሁለቱ ልጆች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ «ጋሽ ወልዴ የዓለምወርቅን አንደኛ ነው የሚያደርገው፤ ሁለተኛ ቢያደርጋት ነው የሚገርመኝ» አለች። ሌላዋ ሳቀች።

አዩ? ይሄንኑ ነው የፈራሁት።

ነሐሴ 11

ዝርዝሩን ጨረስኩ። ከዚህ በፊት ያላደረግሁትን ሁለት ነገር አደረግሁ።

አንደኛ ቦታን ለነጭ መኪናዋ ሰጠሁ። እንዲህ ብዬ፤ «አንደኛ፦ ስሟ ያልታወቀ። ሐምሌ 9 ቀን ሰመራ ኬላ ላይ በነጭ መኪና ስታልፍ የተሰማች። ካሴቷ ያለው ሹፌር ለወልደ ኢየሱስ ያሳውቅ።» ሰምቼ ያልጨረስኩትን አንደኛ ማድረግ ከደንብ ውጭ ነው። ቢሆንም ሌላውን አንደኛ ማድረግ ውሸት መሰለኝ።

ሁለተኛው ነገር፣ ከአሥሩ በታች መስመር አስምሬ አንድ ቃል ጨመርኩ። ስለ የዓለምወርቅ ካሴት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ «ልጅቷን አውቃታለሁ፣ አከብራታለሁ። መዝፈን ግን ሌላ ሙያ ነው። የሚመክራት ቢኖር ይቅርባት ይበላት» አልኩ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጠንካራ ነው። ግን ንጹሕ ነው፤ ማንም አዳላህ አይለኝም።

ነሐሴ 14

ነገ ከቢሰጥ ጋር ወደ አዋሽ። ቴፑን አልይዝም፤ ይከብዳል። እሁድ ጾሙ ይፈታል። ከመለጠፌ በፊት አንድ ካሴት ደግሜ ልስማ ብል አሁንም ጊዜ ነበረኝ እኮ። ምን ለመስማት? የሰማሁትን ሰምቻለሁ።

ነሐሴ 16፣ አዋሽ

ለጠፍኩት። ሃያ የሚሆኑ ሹፌሮች ተሰበሰቡ። አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ አንደኛውን ሲጨርስ ከኋላ የቆመ አንድ ቀጭን ሹፌር ሳቁን ያፈነ መሰለኝ። «ምን ያስቃል?» ስለው «ምንም፣ ጋሼ፤ የአዋሽ አርባ ነጭ መኪና ሁሉ ሊሰለፍልህ ነው» አለ።

የታችኛው መስመር ሲነበብ ግን ማንም አልሳቀም። ቢሰጥ ሻዩን ሳይጨርስ ወጥቶ ሄደ።

ሰኢዳ ወረቀቱ ፊት ቆማ ቆየች። «ወልዴ፣ ይሄን ነገር ምን አስቸኮለህ?»

«አልቸኮልኩም።»

«እሺ» አለች። ሰኢዳ እሺ ስትል አልወድም።

ነሐሴ 20

ቢሰጥ ሰመራን አልፎ ሄደ፤ አልቆመም። እኔን ሳያይ ሲያልፍ በስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

የሎግያው ሱቅ የዓለምወርቅን ካሴቶች ከመስታወቱ አውርዶ በላስቲክ አስሮ አስቀምጧል። «ዝርዝሩ ላይ አየሁ» አለኝ፤ ላመሰግነው የጠበቀ ይመስላል። ሚሌም እንዲሁ አድርገዋል አሉ። እኔ አውርዱ አላልኩም።

ነሐሴ 24

ዛሬ አንድ ሹፌር ቢሮዬ ድረስ መጣ። የሀብተ ሥላሴን ካሴት ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ነው አላልክም?»

«ነው።»

«ለአማቴ እኮ ነው የገዛሁላቸው! ያዘኑ ናቸው፣ ያጽናናቸዋል ብዬ። ቤቱ በለቅሶ በተሞላበት ከፈትኩላቸው፤ ያ ልጅ ዝለሉ ዝለሉ ይላል! ሰው ሁሉ ያየኝን ዓይን ብታየው…»

«ተሳስተህ ሌላ ካሴት ይሆናል የገዛኸው።»

«ይኸው ስሙ! ይኸው ሥዕሉ!»

የእሱ መኪና ቴፕ ይፈጥናል ማለት ነው። እንዲህ ብዬ መለስኩት። የጭነት መኪና ቴፕ ምን ይታመናል?

ነሐሴ 25

አልተኛሁም። ሰኢዳ ጉንፋን ያለችው ይመጣብኛል። ሥዕሉ ላይ ያለው ልጅም።

ነሐሴ 26

ከሥራ አስፈቅጄ ቴፑን ታቅፌ ሎግያ፣ አብዱልአዚዝ ጋ ሄድኩ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ተራ ሳይጠብቅ የሚሠራለት ሰው የለም። ምኑ እንደታመመ አልነገርኩትም። ብሎኖቹን ፈትቶ ጣቱን አስገባና አንድ ጥቁር ነገር አወጣ። የጎማ ቀለበት ነበረ፤ ሞተሩ ካሴቱን የሚያዞርበት ቺንጋ። ለስልሶ፣ ረዝሞ፣ የአሮጌ ሰው ቀበቶ ሆኖ ተንጠለጠለ።

«ጋሼ፣ የት ነው የምታስቀምጠው?»

«መስኮት ሥር።»

«ሱብሐነላህ። ቀልጦልሃል እኮ። ይሄ ከግንቦት ጀምሮ ሲያጎትትብህ ነው የከረመው። ሁሉም ወፍሮ፣ ሰክሮ ነው የሚወጣው። አልሰማህም?»

 አልሰማሁም፤ የማወዳድርበትን የድሮ ካሴት በገዛ እጄ በፕላስተር አሽጌዋለሁ። ሚዛን አይቀያየርም ብዬ የተበላሸውን ሚዛን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አዋሽ ድረስ ተሸክሜዋለሁ። ዳኛ ነኝ ስል የቀለጠ ጎማ ሲዳኝልኝ ከረመ።

አዲስ ቺንጋ አስገባለትና «ካሴት አለህ? እንሞክረው» አለ። ኪሴ ውስጥ የነበረው የዓለምወርቅ ነው። ለምን እሱን እንደያዝኩ አላውቅም። ያውም እንዳቆምኩት፣ መሃል ላይ ነበር። አብዱልአዚዝ አየት አድርጎ ገለበጠውና ሁለተኛውን ገጽ ከተተው።

እንጉርጉሮ። ወደ ላይ ወጣች፣ እዚያው ቆመች፣ ትንፋሽ ሳትሰርቅ ወረደች።

አብዱልአዚዝ መፍቻውን አስቀመጠ። ውጭ ያሉት ሰዎችም ዞር አሉ። «ይቺ ማን ናት?» አለኝ።

እኔ ነጭ መኪና ፍለጋ ኬላ ላይ ቆሜ ስውል ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች። አንደኛም እሷ፣ ከመስመር በታችም እሷ። በአንድ ወረቀት ላይ ዙፋንም ውርደትም ሰጠኋት፤ ያ ቀጭን ሹፌር ማን እንደሆነች ያውቅ ኖሯል፤ ለምን ሳቁን እንዳፈነ አሁን ነው የገባኝ። አፈርኩ። ሬዲዮ ጠጋኙ ፊት ዕንባዬ መጣ፤ ጭሱ ነው አልኩት፤ ጭስ የሚባል አልነበረም።

ጳጉሜ 1

አዲስ ወረቀት ጻፍኩ። ስድስት ቅጂ። «ማስተካከያ፦ የዳኛው ቴፕ በሐሩር ቺንጋው ቀልጦ ዘፈኖችን ሲያጎትት ኖሯል። ስለዚህ የዘንድሮው ዝርዝር ተሰርዟል። አንደኛ የተባለችው ያልታወቀች ድምፃዊት የዓለምወርቅ ናት። ከመስመር በታች የተጻፈው የቴፑ ስህተት ነው። ይቅርታ።»

አብዱልአዚዝ ቺንጋውን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጥቶኛል፤ «ማስረጃ» ብሎ። ከአዋሹ ቅጂ ጋር ለሰኢዳ ላክሁት፤ ከወረቀቱ አጠገብ በምስማር ትሰቅለዋለች።

የጻፍኩት በሙሉ እውነት ነው። አንድም ውሸት የለበትም።

ጳጉሜ 3

ሁሉም አዘነልኝ። «ዕቃ ነው፣ ጋሼ»፣ «ሐሩሩ ሰውንስ መች ማረ»። የሎግያው ሱቅ ላስቲኩን ፈትቶ መልሶ ደረደራት፤ ዛሬ ሦስት ሹፌር ሲገዛ ዓይኔ አይቷል። የኮምቦልቻው ሀብተ ሥላሴም መቶ ዝላይ የሚያዘልል ልጅ ሆኖ አረፈው።

ታዲያ ለምንድነው ምግብ የማይወርድልኝ?

ጳጉሜ 4

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የለቀምኩት ግማሹን ነው።

መስከረም 1 ቀን 1997

እንቁጣጣሽ። ቢሰጥ ቆመ። አበባ ሳይሆን ሐብሐብ ይዞልኝ መጣ፤ ታረቅን። ቆርጠን እየበላን «አይተሃታል?» አልኩት።

«አየኋት። ወረቀቱን አነበበች። ሐሙስ በገላፊ ወደ ጅቡቲ ትወጣለች።»

«እንዴት? ካሴቷ እየሄደ አይደለም?»

«እየሄደ ነው። እኔም ይህንኑ አልኳት። ቁርጤን አውቄያለሁ አለችኝ። ምን ቁርጥ እንደሆነ አልገባኝም።»

ሐብሐቡ አፌ ውስጥ ቀረ። እኔ ገብቶኛል።

መስከረም 4

ፈቃድ ጠየቅሁ። ለምን አሉኝ። ሰው ልሸኝ አልኩ።

መስከረም 6፣ ሐሙስ፣ ከገላፊ መልስ

የሚመልሰኝ መኪና ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ጉልበቴ ላይ ነው፤ ነፋሱ ገጹን ይገልጠዋል። ሳይረሳኝ ልጻፈው እንዳልል፣ አይረሳኝም።

ወደ ጅቡቲ ከሚያልፈው ቢሰጥ ጋር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። መኪናው እስከ ዳገቱ ተሰልፏል። ማኅተም የሚጠብቁት ሰዎች በቆርቆሮው ጥላ ሥር ናቸው፤ ከመካከላቸው አየኋት። አንድ ሻንጣ፣ አንድ የውሃ ጀሪካን። ስታየኝ ብድግ አለች።

«ጋሽ ወልዴ! እዚህ ድረስ?»

«ሳላይሽ እንዳትሄጂ ብዬ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ወረቀቱ ከሆነ አይጨነቁ፣ ሰምቻለሁ። ሰኢዳ ቺንጋውን አሳይታኝ ስቀናል። ዕቃ ነው፣ ይበላሻል። ለእርስዎ ምንም የያዝኩት ቂም የለም።»

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ቢሰጥም በዓይኑ «በቃ» አለኝ። ተቃቅፈን፣ መልካም መንገድ ብያት፣ ታርቄ እመለስ ነበር።

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?» አልኳት።

ሻንጣዋን ከእግሯ አጠገብ አስጠጋች። «በቴፑ የማይሳበብ ነገር ስላየሁ ነው። የሀብተ ሥላሴንም ያው ቴፕ አጎተተው፣ እርስዎ ግን ወደዱለት። የኤፍራታንም ወደዱላት። ጆሮ ስላለዎት፣ ከተጎተተውም ውስጥ የሚያዘውን ያዙ። የእኔን ግን ሦስት ጊዜ ሰምተው፣ ሁለቱንም ገጽ ሰምተው፣ አንዲት የምትያዝ ነገር አጡበት። ያቺ በመኪና ያለፈችው ደግሞ በሩጫ የምትሰማ ነገር ናት፤ ቁጭ ተብሎ ሲሰማኝ የለሁም ማለት ነው። እንዲህ ብዬ አሰብኩት። ከእርስዎ ጆሮ በላይ ማንን ልጠይቅ? ካሴት አውጪ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

 የመጣሁት ይህን ልነግራት ነው፤ ግን በልቤ አዘጋጅቼ የመጣሁት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጠፋኝ።

«ሦስት ጊዜ አልሰማሁሽም» አልኳት።

«እ?»

«አንድ ጊዜም አልሰማሁሽም። ሁለት ዘፈን ሰማሁ። የሦስተኛውን ግማሽ። ከዚያ አጠፋሁት። ሁለተኛውን ገጽ አልገለበጥኩትም።»

«ጾሙ ገብቶብዎት…»

«ጾሙ አይደለም። ከጾሙ በኋላ ጊዜ ነበረኝ። ግጥሞቼን ስለተውሻቸው ነው። ሽፋኑ ላይ ከመዝገብ ቤት ሰዎች ጋር በጅምላ ስለጻፍሽኝ ነው። ቅር አላለኝም ስል ከረምኩ፤ ብሎኛል። ሌሎቹን ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አንቺን ብቻ ነው ያልሰማሁት። ቴፑ ለሁላችሁም ያው ነበር። የበደለሽ ቴፑ አይደለም።»

 ፊቷ ላይ ንዴት ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልሰደበችኝም። ጀሪካኑን ከፍታ አንድ ጉንጭ ውሃ ጠጣች፤ ክዳኑን ለመግጠም ሁለት ጊዜ ሳተችው።

«ስምዎን ለብቻ ያልጻፍኩት» አለች በመጨረሻ፣ «ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ስሙ ካሴቱ ላይ ካለ አዳላ ይሉታል ብዬ ነው። ግጥሞቹንም ለዚያው ብዬ ነው የተውኳቸው። ለሚቀጥለው አስቀምጫቸው ነበር።»

 

«ጋሽ ወልዴ» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ ቢሮ ታይፕ ስትመታ እንደነበረው፤ «እኔ እኮ ሰምቶኝ የፈረደብኝ ሰው አለ ብዬ ነው የምሄደው።»

በዚህ መሃል የማኅተሙ ሰውዬ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ተረኛ ጠራ። ተራው የእሷ ነበር። ሻንጣዋን አነሳች። ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ቆመችና ከኋላዋ ላለችው ሕፃን ለታቀፈች ሴት «እለፊ፣ እህቴ» አለቻት።

የሚመልሰኝ መኪና መጥቶ ጥሩንባውን ነፋ። ቢሰጥ ትከሻዬን ይዞ «ተዋት፣ ጋሼ፤ ለብቻዋ ተዋት» አለኝ። አንድ እግሬን መወጣጫው ላይ አድርጌ ወደ ኋላ አየሁ። ፀሐዩ የቆርቆሮውን ጥላ እየበላው ነበር፤ እሷ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ቆማለች፣ ሰውዬው በእጁ ነይ ይላታል፣ እሷ ደግሞ ወደ ኋላዋ ዞራ ሦስተኛውን ሰው እያሳለፈች ነው።